ላይት ኖቭል አንብበን ስንፈርድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በዚህ ክረምት ሁለት የጃፓን ምናባዊ ልቦለዶችን ጎን ለጎን ሳነብ ነበር፤ ስፓይስ ኤንድ ዎልፍንና አሴንዳንስ ኦፍ ኤ ቡክዎርምን። ሁለቱም ላይት ኖቭል ናቸው፤ መሃል መሃሉ ላይ ሥዕል ያለባቸው፣ በቅጽ በቅጽ የሚቀጥሉ፣ ብዙ ጊዜም ኪስ በሚገባ መጠን የሚታተሙ ልቦለዶች። ጓደኞቼ ስለ እነሱ የሚሉትን ስሰማና እኔም ዱሮ ያልኩትን ሳስታውስ፣ ብዙው ፍርዳችን መጽሐፉን ሳይነካው እንደሚያልፍ ታወቀኝ። ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ጥሩ መጽሐፍ በሰው ወሬ ሳይገለጥ ይቀራል።

የመጀመሪያው ስህተት «አኒሜውን (የጃፓን የካርቱን ፊልሙን) አይቼዋለሁ፣ መጽሐፉም ያው ነው» ማለት ነው። ስፓይስ ኤንድ ዎልፍን በአኒሜ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ትዝ የምትለው ባለ ጅራቷ የተኩላ አምላክ ሆሎ ናት። ደራሲው ኢሱና ሃሴኩራ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው የመጀመሪያው ቅጽ ግን ዋና ጉዳዩ ገንዘብ ነው። ተጓዡ ነጋዴ ሎውረንስ አንድ የብር ሳንቲም ውስጥ ያለው የብር መጠን ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ሆሎ የድሮውንና የአዲሱን ሳንቲም እያንቃጨለች ድምፃቸውን በተኩላ ጆሮዋ ትለያለች። አኒሜውም ይህን ያሳያል፤ ሎውረንስ በልቡ የሚያሰላው ስሌት፣ ስግብግብነቱና ፍርሃቱ ሲጋጩ የምናየው ግን በጽሑፉ ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። አጤ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስመቱ በኋላ እንኳን ገበያው 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን ጠገራ ብር አለቅም ብሎ ነበር። ሰው ሳንቲም የሚያምነው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የዚያ መጽሐፍም ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ያለው ስህተት የኔም ነው። ቡክዎርምን መጀመሪያ ሳነሳው «ምንም ነገር አይከሰትም» ብዬ ግማሽ ላይ ተውኩት፤ ለሰውም እንዲያው ነገርኩ። ተሳስቼ ነበር። መጽሐፍ ወዳድ የነበረች ሴት ሞታ፣ ማይን የምትባል የወታደር ልጅ፣ ያውም በሽተኛ ሕፃን ሆና ትነቃለች። መጽሐፍ የባላባት ንብረት በሆነበት አገር ቤቷ ውስጥ አንድ ፊደል የለም። ብራና አለ፤ ግን ለወታደር ቤተሰብ የማይቀመስ ነው። የፍየል ቆዳ በመወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሲፋቅ ያየ ሰው ለምን እንደሚወደድ አይጠይቅም። ስለዚህ ማይን ራሷ ልትሠራ ትነሳለች። የሣር ጭረት ነጥላ ትሸምናለች፤ ጣቶቿ ዝለው መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብቻ ይወጣታል። በሸክላ ላይ ትጽፍና ምድጃ ውስጥ ስትከተው ይፈነዳል። እንጨት ሰንጥቃ ትጽፍበታለች፤ እናቷ ማገዶ መስሏት ታነደዋለች። ያን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። እናትየው ክፉ አይደለችም፤ ልጇ እንጨት ለቅማ ያመጣችላት ነው የመሰላት። «ምንም አይከሰትም» ያልኩት ይህን ነበር። 33 ቅጽ ያለው ታሪክ መሠረቱን ሲጥል ጊዜ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ሦስት ቅጽ ነው። ቢያንስ እሱን ሳይጨርሱ «አሰልቺ ነው» ብሎ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። «እዚህ ድረስ አንብቤ አቆምኩ» ማለት ግን ሐቀኛ አስተያየት ነው።

የትኛውን ጽሑፍ እንዳነበቡ አለመናገርም አለ። ቡክዎርምን ጨምሮ ብዙዎቹ ታሪኮች መጀመሪያ የሚወጡት እ.ኤ.አ. በ2004 በተከፈተውና ማንም በነጻ በሚጽፍበት ሾሴትሱካ ኒ ናሮ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። አሳታሚ ሲወስዳቸው ይታረማሉ፣ ትዕይንት ይጨመርባቸዋል። የድረ ገጹን ጽሑፍ በማሽን ትርጉም አንብቦ «ደራሲው መጻፍ አይችልም» ማለት ከባድ በደል ነው። ጃፓንኛ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ብዙ ጊዜ ስለሚተወው ማሽኑ ተናጋሪውን ይገምታል፤ እሱ የነበረው እሷ ይሆናል፣ የሰው ስም ከምዕራፍ ምዕራፍ ይለዋወጣል። ጥፋቱ የደራሲው አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የአነጋገርን ደረጃ መርሳት ነው። ብዙዎቻችን የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ሁሉም «ዩ» ነው። ጃፓንኛው ግን እንደ አማርኛ አንተና እርስዎን የመሰለ ልዩነት በየቃሉ ያሳያል። ሆሎ ራሷን «ዋቺ» እያለች የምትናገረው በድሮው የጃፓን ኤዶ ዘመን፣ ዮሺዋራ በሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ሴቶች ይናገሩበት ከነበረው ዘዬ ተቀድቶ ነው፤ ያረጀም የሚያባብልም ድምፅ አለው። ታሪኩን በአማርኛ ስንተርክ ይህን መመለስ እንችላለን። ማይን ለባላባት ስትናገር «አንተ» ካስባልናት ግን የፍርሃቷን ግማሽ አጠፋነው።

ሁሉን «ኢሴካይ» ብሎ መጠቅለልም የተለመደ ነው። ኢሴካይ ሰው ወደ ሌላ ዓለም የሚሻገርበት ታሪክ ነው፤ ሎውረንስ ከየትም አልተሻገረም። ሬኮርድ ኦፍ ሎዶስ ዋር የሚባለው ምናባዊ ልቦለድም ኢሴካይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1988 መታተም ሲጀምር የተነሳው ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን እየወከሉ ከሚጫወቱት የጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ዝም ማለት የለብንም። አንዳንድ ላይት ኖቭሎች ትንንሽ ልጃገረዶችን በማይገባ ዓይን ይሥላሉ፣ ይተርካሉ። «ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። መጽሐፉን ለታናሽ እህቱ ወይም ለልጁ ሊሰጥ ያሰበ ሰው ከእኛ አስተያየት ይህን ማወቅ አለበት፤ በግልጽ እንጻፈው።

መጨረሻውን አስቀድሞ መናገር ደግሞ የሌላውን አንባቢ ደስታ መውሰድ ነው። ማይንን በየጊዜው አልጋ ላይ የሚጥላት ትኩሳት ምን እንደሆነ እኔ አውቄዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።