ናኖሜትር እየቆጠራችሁ ቺፕ አታወዳድሩ

አዲስ ላፕቶፕ ወይ ስልክ በወጣ ቁጥር «ይሄኛው 7 ናኖሜትር ነው፣ ያኛው 10፣ አለቀ» ብሎ የሚፈርድ ሰው አይጠፋም። ምኑ ነው ያለቀው? ቁጥሩ ድሮ ትራንዚስተሩ (ቺፕ ውስጥ ያለችው ትንሿ ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ የሚለካ ነገር ነበር፣ አሁን የገበያ ስም ነው። የኢንቴልን 10 እና የቲኤስኤምሲን (ለሌሎች ቺፕ የሚያመርተው የታይዋን ኩባንያ) 7 ውሰዱ፣ ከአንዱ ጌት (ትራንዚስተሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ሁለቱም ላይ ከ50 ናኖሜትር በላይ ነው፣ አንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ የሚታጨቀው ትራንዚስተር ደግሞ ኢንቴል ራሱ ባወጣው ስሌት 100 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የቲኤስኤምሲው 90 ሚሊዮን ምናምን ነው የሚገመተው። እንደውም «10» የተባለው ነው ጠበቅ ያለው! ግን «ኢንቴል ወደኋላ ቀረ» ሲባል የሚጠቀሰው ማስረጃ ይቺው ቁጥር ነበረች (መዘግየቱ እውነት ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ)። ኢንቴልም ሰለቸው መሰለኝ በፈረንጆቹ 2021 የተሻሻለውን 10 ናኖሜትሩን «ኢንቴል 7» ብሎት አረፈ። አሁን ደግሞ «ኢንቴል 7 ናኖሜትር ገባ» የሚሉኝ አሉ፣ ስሙ ላይ ናኖሜትር የሚል ነገር የለም እኮ።

የኩባንያ መግለጫ ላይ ያለችውን «ወይም» አትዝለሏት። ቲኤስኤምሲ 5 ናኖሜትር የሚለውን ከ7ቱ ሲያወዳድር በእኩል ፓወር 15 ፐርሰንት ይፈጥናል፣ ወይም በእኩል ፍጥነት 30 ፐርሰንት ፓወር ይቆጥባል ነው ያለው። ሁለቱን ደምሮ ከሚያወራ ሰው ጋር መከራከር ትቻለሁ።

ሁሉም ነገር እኩል የሚያንስም አይምሰላችሁ፣ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሚሞሪ) የሚሰራበት የኤስራም ሴል በቲኤስኤምሲ 5ም፣ ከዚያ በኋላ በመጣው የ3 ናኖሜትር ትውልድ በኤን3ኢም ያው 0.021 ስኩዌር ማይክሮሜትር ነው።

ሌላው፣ ዲዛይናቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ሁለት ቺፖችን ፍጥነት አይቶ ፋብሪካውን ማመስገን ወይ መርገም። ፋብሪካ መለየት የፈለገ አንድ ዲዛይን ሁለት ቦታ ሲመረት ይይ። በ2015 የአይፎን 6ኤስ ቺፕ ኤ9 ከፊሉ ሳምሰንግ ጋ በ14፣ ከፊሉ ቲኤስኤምሲ ጋ በ16 ተሰራ። የሳምሰንጉ 96 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ የቲኤስኤምሲው 104.5፣ ማለትም ትንሿ ቁጥር እውነትም ትንሽ ቺፕ ሰጠች። ባትሪው ጋ ሲመጣ ግን ብዙዎች በለቀቁት ቴስት የ16ቱ ነበር ረዘም ያለ የቆየው። ያም ቢሆን ቴስቱ ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት ያለ እረፍት የሚያስጨንቅ ዓይነት ነበር፣ አፕል በእለት ተእለት አጠቃቀም ልዩነቱ ከ2 እስከ 3 ፐርሰንት ነው አለ። «የማን ፋብሪካ ነው የደረሰኝ» ብሎ ስልኩን ሲመረምር የሰነበተ ስንቱ ነው!

«ማምረት ጀመርን» የሚለውን ዜና ሱቅ ገባ ብላችሁ አትቁጠሩት። ለምሳሌ የኢንቴል 10 መጀመሪያ ገበያ የወጣው በ2018 ኮር አይ3-8121ዩ በተባለ የላፕቶፕ ቺፕ ነው፣ ያውም ምስል የሚያወጣው ክፍሉ (ግራፊክሱ) ተዘግቶ።