የክረምት ዘፈን ስብስብ አዘገጃጀት፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋም ቆላም

የዓመቱን የክረምት ዘፈኖች ለይታችሁ ለማስቀመጥ ካሰባችሁ፣ ከምርጫው በፊት ልኩን ወስኑ። ልኩ 60 ደቂቃ ይሁን። አንድ ዘፈን በአማካይ 5 ደቂቃ ከሄደ 12 ዘፈን ይይዛል፤ የድሮው ካሴት ልክ ነው፣ በየፊቱ 30 ደቂቃ። ፍላሽ ላይ 800 ዘፈን መጫን ይቻላል። ግን 800 ዘፈን የተጫነበት ፍላሽ የማንም ምርጫ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብትከፍቱት አንዱን ክረምት ከሌላው የሚለይ ምንም አታገኙበትም። ዘፈንን የክረምት ዘፈን የሚያደርገው በዚያ ክረምት ተደጋግሞ መሰማቱ ነው፤ እንዲደጋገም ደግሞ ጥቂት መሆን አለበት።

ጊዜውን መክፈል

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፣ መስከረም 25 ይወጣል። ስብስቡንም በዚሁ ወሰን ያዙት። ሰኔ ላይ ሁሉንም መርጣችሁ አትጨርሱ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ 8 ዘፈን ሙሉና 4 ቦታ ክፍት ተዉ፤ ለአዲስ ዓመት ተብለው የሚሠሩት ነጠላ ዜማዎች የሚወጡት ነሐሴ መገባደጃና ጳጉሜን ላይ ነው። ስብስቡን ሐምሌ ላይ የሞላ ሰው ለእነዚህ ቦታ ለማግኘት የለመዳቸውን ዘፈኖች ማውጣት ይኖርበታል፣ ብዙውን ጊዜም ሳያወጣ እየጨመረ ይሄድና ስብስቡ 40 ዘፈን ይሆናል።

ፍልሰታን አትርሱ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባሉት ቀናት በመንዝም በአንኮበርም በደብረ ብርሃንም ዘፈን የማይከፈትበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ገና ከመነሻው ሁለት ፎልደር አዘጋጁ፤ አንዱ የዘፈን፣ ሌላው የመዝሙርና የበገና። በአንድ ፎልደር ከቀላቀላችኋቸው ቴፑ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲያልፍ በጾም ቀን ዘፈን፣ በሠርግ መሐል በገና ይመጣባችኋል።

በቆርቆሮ ሥር የሚሰማውንና የማይሰማውን መለየት

ሌላ ቦታ የተጻፈ የዘፈን አመራረጥ ምክር ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው፤ እዚህ ግን ከሁሉ ይበልጣል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀስ ያለው ክፍል ነው። በዋሽንት ብቻ የሚጀምር መግቢያ አይሰማም፣ የመሲንቆ የታችኛው ድምፅ ይዋጣል፣ የበገና ጅማቶችማ ጨርሰው ይጠፋሉ። በገናን ዝናብ ላቆመበት ምሽት አስቀምጡት፤ ቦታውም ጊዜውም እሱ ነው። ከዝናቡ በላይ የሚሰማው የድምፃዊው ድምፅ ከመሣሪያው ፊት የቆመበት፣ የኤሌክትሪክ ክራር ወይም የትንፋሽ መሣሪያ ያለበት፣ ከበሮው ጥርት ያለ የቺክቺካ ምት፣ ማለትም የተለመደውን የእስክስታ ምት፣ የያዘ ዘፈን ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። ዝናብ እየወረደ ዘፈኑን ክፈቱና ከስፒከሩ 3 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ግጥሙን ቃል በቃል መከተል ካልቻላችሁ ያ ዘፈን ለዚህ ስብስብ አይሆንም፤ የሸዋ ዘፈን ጉልበቱ ግጥሙ ላይ ነው፣ ወርቁ ካልተሰማ የቀረው ምት ብቻ ነው። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ ማድረግ አያድንም። ትንንሽ ስፒከሮች ከአቅማቸው ሦስት አራተኛ በላይ ሲጮኹ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላሸው የሰው ድምፅ ነው። ይልቅስ ስፒከሩን አቅርቡት። ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፣ ባትሪም አይበላም። ከጀርባው ግድግዳ እንዲኖር አድርጉ፤ መስኮትና በር አጠገብ ግን አታስቀምጡት።

ቅደም ተከተሉ በቅኝት ይሁን

12 ዘፈን በዘፈቀደ ከተደረደረ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። ብዙ ሰው በፍጥነት ይደረድራል፤ ቀርፋፋው መጀመሪያ፣ ፈጣኑ መጨረሻ። ከዚያ የሚሻለው ቅኝትን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን አምስት ድምፆች፣ መከተል ነው። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ ትዝታና ባቲ ሜጀርና ማይነር አላቸው። አንዳንዶቹ ድምፆቻቸውን ይጋራሉ፣ የሚለያቸው ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ነው፦

ትዝታ ሜጀር በዶ ሲቆም ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ባቲ ማይነር በላ ሲቆም ላ ዶ ሬ ሚ ሶል ነው። አምስቱም ድምፆች ያው ናቸው።

ትዝታ ማይነር በላ ሲቆም ላ ሲ ዶ ሚ ፋ ነው። አምባሰል በሚ ሲቆም ሚ ፋ ላ ሲ ዶ ነው። እነዚህም ያው ናቸው።

ስለዚህ ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ማይነር፣ ከትዝታ ማይነር ወደ አምባሰል የሚደረግ ሽግግር ጆሮ ላይ ይለሰልሳል፤ መነሻ ድምፃቸው ከላይ እንደተጻፈው ከተገጣጠመ በመካከላቸው ዝምታም አያስፈልግም። ክራር መምታት ለሚችል ሰው ይህን ማጣራት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለማይችል በስልኩ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ይበቃል። አንቺሆዬ ግን ከሌሎቹ ጋር እንዲህ በቀላሉ አይገጥምም። ከፊቱም ከኋላውም የ4 ወይም 5 ሰከንድ ዝምታ ስጡት፣ ወይም የመጀመሪያው 30 ደቂቃ መዝጊያ አድርጉት። እዚያ ቦታ ሲመጣ ያምራል።

ሦስት ትዝታ በተከታታይ አታስቀምጡ። እያንዳንዱ ለብቻው ቢያምርም ሦስተኛው ላይ ጆሮ ይደክማል፣ የሚከፋው ደግሞ ሦስተኛው ምርጡ ሲሆን ነው።

የመንገድ ሙከራ

ስብስቡ በመንገድ ላይ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በደጋው የጣመው ቀርፋፋ ዘፈን ቆላው ሙቀት ውስጥ ከባድ ሆኖ ይገኛል። ከጣርማበር በፊት ያለውን ሜዳ በረጃጅም ትዝታዎች፣ ከደብረ ሲና በታች ያለውን በፈጣን ምት መያዝ ይስማማል። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ከወረደ ግን ሙዚቃው ይጥፋ፤ ሾፌሩ ከፊት የሚመጣውን መኪና ጥሩምባ መስማት አለበት። በዋሻውና በገደሉ አካባቢ ኤፍኤም ሬዲዮ ይቆራረጣል፣ የስልክ ዳታም አስተማማኝ አይደለም። በኢንተርኔት የሚሰማ ስብስብ ይዞ መውጣት ስለዚህ አያዛልቅም፤ ፋይሉ በእጃችሁ ይሁን።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ፍላሹን ወይም ሚሞሪውን በፋት32 (FAT32) ፎርማት አድርጉ። ብዙ የመኪና ቴፖችና ርካሽ ስፒከሮች ሌላውን ፎርማት አያነቡም፤ «ፍላሹ ተበላሽቷል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ፎርማት ሲደረግ በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትዘንጉ። ፋይሉ ኤምፒስሪ (MP3) ይሁን። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ጥራት አንድ ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት፣ በ320 ኪሎቢት ወደ 2.4 ሜጋባይት ይይዛል፤ የ60 ደቂቃው ስብስብ በከፍተኛው ጥራት እንኳ 150 ሜጋባይት አይሞላም። ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ጥራት አትቀንሱ። በሌላ በኩል በ128 የመጣን ፋይል ወደ 320 መቀየር ፋይሉን ያወፍረዋል እንጂ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም።

ዘፈኑን ከየት ታገኙታላችሁ? የሚሸጥ ከሆነ ግዙት፤ ድምፃዊውም ገጣሚውም የሚበሉት ከዚያ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወረው ቅጂ በጥራትም አይረባም፣ እየተገለበጠ በመጣ ቁጥር ሲንባሉ ውኃ ውኃ ይላል። የሙዚቃ መተግበሪያዎች ውስጥ ያወረዳችሁት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ፍላሽ አይወጣም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉን መውሰድ እንደሚቻል አረጋግጡ።

ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉ፣ ከፊቱም 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ ቁጥር ስጡ። ብዙ ቴፖች የግእዝ ፊደልን በሳጥን ያሳያሉ። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ብዙ መሣሪያዎች የሚያጫውቱት በስም ተራ ሳይሆን ፋይሉ ወደ ፍላሹ በገባበት ተራ ነው። አሥራ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መርጦ መገልበጥ ተራውን ያዛባዋል። ባዶ ፍላሽ ላይ አንድ በአንድ፣ ከ01 ጀምራችሁ አስገቡ። በኋላ አንዱን ከቀየራችሁ ሁሉንም አጥፍታችሁ እንደገና ማስገባት ይሻላል።

የድምፅ መጠኑንም አስተካክሉ። በ1960ዎቹ የተቀዳ ዘፈንና የዘንድሮ ዘፈን በአንድ መጠን አይጮኹም፤ ሳታስተካክሉ ከደባለቃችኋቸው እጃችሁ ከድምፅ ማስተካከያው አይነሳም። ኤምፒስሪ ጌይን (MP3Gain) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ዳግም ሳይጨምቅ መጠኑን ብቻ ያስተካክላል። መነሻው 89 ዴሲቤል ነው፣ እንዳለ ተዉት። ከፍ ካደረጋችሁት የዘንድሮዎቹ ይሰነጠቃሉ።

ካሴት ለሚገለብጡ

ከወላጆች ሳጥን የሚወጣ ካሴት በስብስቡ አንድ ሁለት ቦታ ይገባዋል። ነገር ግን ክረምት ለመገልበጥ መጥፎ ወቅት ነው። ካሴቱ ከቀዝቃዛ ጓዳ ወጥቶ ምድጃ ወዳለበት ክፍል ሲገባ ላብ ይይዛል፣ ክሩም ይጣበቃል። ከነሽፋኑ 3 ሰዓት ይቆይ። በክሩ ጠርዝ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ሻጋታ ነውና አታጫውቱት፤ ቴፑንም ቀጣዩንም ካሴት ይበክላል።

የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ በጥጥና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ጥረጉ። አረቄ አይሆንም፣ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ጎማዋን መንኮራኩር ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አጽዷት፤ አልኮል ያደርቃታል። በባትሪ አትገልብጡ፣ ባትሪው ሲዳከም ዜማው ቀስ በቀስ ይወርዳል። ወደ ላፕቶፕ ስታስገቡ የማይክራፎን ቀዳዳውን ከመጠቀም በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ ካርድ፣ መስመር መግቢያ ያለውን፣ ተጠቀሙ። ኦዳሲቲ (Audacity) በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በ44,100 ኸርዝ፣ በ16 ቢት ቅዱ፤ አንዱ ፊት 300 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ ይቁም፤ ዜሮን የነካ ድምፅ አይጠገንም።

ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ኪቦርድ ወይም ጊታር ባለበት ዘፈን ፈትኑ። ድምፆቹ ሁሉ በፒያኖው ቁልፎች መካከል ከወደቁ ካሴቱ ፈጥኗል ወይም ዘግይቷል፤ የግማሽ ድምፅ ልዩነት 6 በመቶ ያህል ፍጥነት ነው። በክራር ብቻ የተቀዳ ዘፈን ለዚህ መለኪያ አይሆንም፣ ክራሩ የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነውና። ከካሴቱ ሥር የሚሰማውን የሽሽታ ሹክሹክታ ለማጥፋት የፕሮግራሙን ማጣሪያ ስትጠቀሙ እጃችሁን ሰብስቡ። የመሲንቆ ጭራ ሲፋተግ የሚወጣው ድምፅ ለማጣሪያው ከካሴት ሹክሹክታ አይለይም፤ አብዝታችሁ ካጠባችሁት መሲንቆው ሳል እንደያዘው ሰው ይታፈናል።

ሆያ ሆዬና አበባዮሽን ራሳችሁ ቅዱ

ከክፍት ቦታዎቹ አንዱን ለሰፈራችሁ ልጆች ስጡ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ የወንዶቹ ሆያ ሆዬ። አበባዮሽ ደግሞ የእንቁጣጣሽ የሴቶቹ ነው፣ ተቀባዮቹ «ለምለም» የሚሉበት። ስቱዲዮ የተሠራው ሁሉ የሚያጣው የዱላው ምትና የአውጪው የራሱ ግጥም እዚህ አለ። ስልኩን ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቀት፣ ወደ አውጪው አዙራችሁ ያዙ። ከዚያ ከቀረባችሁ ዱላው መሬት በተመታ ቁጥር ድምፁ ይፈነዳል፤ ከራቃችሁ ተቀባዮቹ አውጪውን ይውጡታል። ነፋስ ካለ የማይኩን ቀዳዳ በአንድ ድርብ ነጠላ ሸፍኑ። ከበረንዳ ሥር ቅዱ፣ ከቆርቆሮ ሥር ግን አይሁን። ሽልማቱን ከመስጠታችሁ በፊት መቅጃውን አታጥፉ፤ ምርቃቱ የሚመጣው ከሽልማቱ በኋላ ነው። ልጆቹን ከመቅዳታችሁ በፊት ወላጆቻቸውን ጠይቁ፣ ለሌላ ሰው የምታጋሩት ከሆነ ደግሞ ለይታችሁ ፈቃድ ውሰዱ።

መስከረም 25 ሲደርስ ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉ፦ የዘፈኑ ስም፣ የዘፋኙ፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲ፣ ቅኝቱ፣ ደቂቃው። ፋይሉን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ የያዘውን ሊያጣ ስለሚችል በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሰክታችሁ አንዴ አጫውቱት፣ የማይከፈት ፋይል ካለም ከኮምፒውተሩ ቅጂ ተኩት።