ጡት በማጥባት ላይ ያለ በራስ መተማመንን በሌላ ቋንቋ ለመለካት

አዲስ እናት ጡት ለማጥባት ያላት በራስ መተማመን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢለካ፣ ማጥባቱን ቶሎ ልታቋርጥ የምትችለውን እናት ለይቶ በጊዜ ለመደገፍ ያግዛል። ለዚህ በስፋት የሚያገለግለው ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሲንዲ ሊ ዴኒስ ሰው በችሎታው ላይ ያለው እምነት በሚያደርገው ነገር ላይ ተጽዕኖ አለው በሚለው የሥነ ልቦና ሊቁ የአልበርት ባንዱራ ንድፈ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ያዘጋጁት መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው አጭሩ ቅጂ 14 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ስለሚመዘን ድምሩ ከ14 እስከ 70 ይሆናል።

መጠይቁን ወደ ሌላ ቋንቋ ለመተርጎም ካሰቡ፣ በቅድሚያ የአዘጋጇን ፈቃድ ይጠይቁ። ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻቸው ተርጉመው ከተስማሙ በኋላ፣ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ይመልሰው።

ይሁንና በእኔ እምነት ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከእናቶች ጋር ሲቀመጡ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ «ሁልጊዜ እችላለሁ» በሚል መንፈስ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ሕፃኑ በቂ ወተት ማግኘቱን ስለማወቅ የተጠየቀች እናት ስለ ችሎታዋ ሳይሆን ነገሩ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥማት ልትመልስ ትችላለች። ስለዚህ ጥያቄውን በራሷ አነጋገር እንድትደግመውና መልሱን ለምን እንደመረጠች እንድታስረዳ ይጠይቋት። በቤተሰብ ፊት ማጥባትን በሚመለከተው ጥያቄ ላይ ደግሞ ዝቅተኛ ነጥብ የመተማመን ጉድለትን ሳይሆን የአካባቢውን የጨዋነት ደንብ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ቸኩለው አይፍረዱ።

በመጨረሻም የጥያቄዎቹን ውስጣዊ ስምምነት፣ ማለትም መልሶቻቸው ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ፣ ክሮንባክ አልፋ በተባለው የስታቲስቲክስ መለኪያ ይፈትሹ፤ እናቶቹንም ከሳምንታት በኋላ ተከታትለው፣ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት በእርግጥ ማጥባታቸውን መቀጠላቸውን ያረጋግጡ። መጠይቁ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ነገር መለካቱ በስታቲስቲክስ ሳይረጋገጥ ግን የሁለት ሕዝቦችን አማካይ ነጥብ ማወዳደር አይገባም።