ካውቦዮቼን የወሰደብኝ ስኳር ነበር

ሁለት ዓመት ገደማ የካውቦይ ልቦለድ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። ድሮ ፈረሰኛው አቧራ እያስነሳ ከተማ ሲገባ ከጀመርኩ እስኪነጋ የማልተኛው ሰውዬ፣ ሦስት ገጽ ሳልገፋ ፊደሉ ውሃ እንደነካው ቀለም ይደበዝዝብኛል። በቃ አረጀሁ አልኩ።

ከመንገድ ላይ ጉልበቱ +2.00 የሆነ የማንበቢያ መነጽር ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ጥርት፣ በማግስቱ ጭጋግ። ፍንጩ ይሄ መለዋወጡ ነበር፤ ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው የቅርብ ዕይታ ችግር ቀስ እያለ ይብሳል እንጂ እንዲህ ዛሬና ነገ አይልም።

የዓይን ሐኪሟ "ስኳርህን ተለክተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ምርመራ የሚባል ነገር ደጅ አልደረስኩም። በባዶ ሆድ 190 ወጣ፣ ሲደገምም ያው ነው፤ ከ126 ጀምሮ ስኳር በሽታ ነው የሚባለው። ስኳር ሲዋዥቅ የዓይን ሌንስ ውሃ እየያዘ እየለቀቀ ቅርጹ ይቀያየራል፣ ስለዚህ ያኔ የተለካ መነጽር ቆይቶ አይሆንም። መድኃኒት ጀመርኩ፣ ሻይ ያለ ስኳር ለመድኩ (ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው)፣ ስኳሬ ተረጋግቶ ሁለት ወር ሲቆይ እንደገና ተለካሁ። +1.50 ብቻ!

አሁን በየዓመቱ ጠብታ ተደርጎልኝ የዓይኔ ጀርባ ይታያል፣ ምክንያቱም ስኳር ሬቲናን (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) መጉዳት ሲጀምር ሰውየው ምንም አይታወቀውም። ጠብታው ለጥቂት ሰዓት ስለሚያደበዝዝ ያን ቀን ንባብ የለም። ትናንት ግን ሸሪፉ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ነበር።