ከወገብ የማይለይ ቢላ፦ በትንሽ ገንዘብ ጥሩውን ለመምረጥ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ የቀበቶ ቢላ መግዛት እንደሚፈልግ ነገረኝ። "የትኛውን ልግዛ?" አለኝ። የአንዱን ስም ጠርቼለት ብገላገል ቀላል ነበር። ግን የእሱ እጅ ከእኔ ያነሰ ነው፤ ሥራውም ይለያል። ስለዚህ ያሉኝን ቢላዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አንድ በአንድ አስጨበጥኩት። የነገርኩትን ነው እዚህ የጻፍኩት።

እኔ የችግኝ ሥራ ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ገመድ እቆርጣለሁ፣ ከረጢት እከፍታለሁ፣ የመደገፊያ እንጨት አሾላለሁ። የዕረፍት ቀኔን ደግሞ ድንኳን ይዤ ዱር ውስጥ አሳልፋለሁ። ላለፉት 12 ዓመታት ወገቤ ላይ ቢላ ሳይኖር የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የማወራው ስለማይታጠፍ ቢላ ነው። ሰንጢ ኪስ ውስጥ መግባቱ ጥሩ ነው። ግን መታጠፊያው ላይ ጭቃና አሸዋ ይገባበታል፣ ጫን ሲሉትም ይላወሳል። የማይታጠፈው በአንድ እጅ ይመዘዛል፣ በአንድ እጅ ይመለሳል፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል።

መጀመሪያ የገዛሁት ቢላ ግዙፍ ነበር። ስለቱ 18 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር፣ ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለው። እጀታው ክፍት ሆኖ ውስጡ ኮምፓስና የዓሣ መንጠቆ ነበረበት። ሳየው ሁሉን የሚችል መሰለኝ። ቲማቲም ስቆርጥበት ይጨፈልቀዋል። እንጨት ስጠርብበት ይፈነቅላል እንጂ አይልጥም። ቀበቶዬን እየጎተተ ስላስቸገረኝ ቤት ትቼው መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን ቅርንጫፍ ስመታበት እጀታው ተላቀቀና ስለቱ በጉልበቴ አጠገብ አልፎ መሬት ላይ ተሰካ። እጀታውን ሳየው ስለቱን የያዘው አንድ አጭር ብሎን ብቻ ነበር። ያን ቅጽበት ሳስታውስ አሁንም ይሰቀጥጠኛል።

ስለዚህ ትንሹን ምረጡ። ለብዙ ሥራ የሚሆነው ስለት ከ9 እስከ 11 ሴንቲሜትር ነው። አራት ጣቶቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የአውራ ጣት ስፋት ጨምሩበት፤ ልኩ እሱ ነው። ውፍረቱ ጀርባው ላይ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ይበቃል። ወፍራም ስለት ጠንካራ ቢመስልም የሚቆርጠውን ነገር እየገፋና እየሰነጠቀ ነው የሚገባው። ቀጭኑ ሰተት ብሎ ያልፋል። እንጨት የምትፈልጡበት ከሆነ ግን ትንሽ ከ3 ሚሊሜትር ከፍ በሉ።

ጀርባው ለስላሳ ይሁን፤ የመጋዝ ጥርስ ያለውን ተዉት። በአውራ ጣታችሁ ጀርባውን ስትጫኑ ይወጋችኋል፣ በደንብም አይገዘግዝም። አፉም ሙሉ በሙሉ ቀጥ ያለ ስለት ይሁን። የጥርስ ዓይነት ያለበትን ቤት ውስጥ መሳል አስቸጋሪ ነው።

የአፉን አቀራረጽ ከጫፉ በኩል ፊት ለፊት ተመልከቱ። አንዳንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመጣና ታች ሲደርስ በአንድ ሰፊ ተዳፋት ወደ አፉ ይወርዳል። የስካንዲኔቪያ ቢላዎች በብዛት እንዲህ ናቸው። ለጀማሪ በጣም የምመክረው ይህንን ነው። ሲደንዝ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ ማስተኛት ብቻ ነው፤ ማዕዘኑን ራሱ ይይዝላችኋል። እንጨት ላይም ይታዘዛል። ድክመቱ ካሮትን የመሰለ ጠንካራ ነገር ስትከትፉ እየሰነጠቀ መግባቱ ነው። ሥራችሁ በአብዛኛው ምግብ ከሆነ ከጀርባው ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ እየሳሳ የሚወርደውን ውሰዱ።

አሁን ወደ እጀታው ልምጣ። ሰዎች ስለ ብረቱ ዓይነት ሲከራከሩ ይውላሉ፤ እኔ ግን ከብረቱ በፊት እጀታውን አያለሁ። ቀኑን ሙሉ የምትነኩት እሱን ነው። ሱቅ ውስጥ ቢላውን ጨብጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። የሚቆረቁር ጠርዝ፣ ወጣ ያለ ብሎን፣ የፕላስቲኩ መጋጠሚያ መስመር አለው? እዚያ ትንሽ የሚቆረቁር ነገር አሥር ደቂቃ ከጠረባችሁበት በኋላ እጃችሁን ውኃ ያስቋጥራል። አራቱም ጣቶቻችሁ ሳይጣበቡ መቀመጥ አለባቸው። ቅርጹ እንደ እንቁላል ሞላላ ይሁን። ፍጹም ክብ ከሆነ እጅ ውስጥ ይዞራል፤ ሞላላው ግን በጨለማም ቢሆን አፉ ወዴት እንደዞረ ይነግራችኋል።

ለየጣቱ ጎድጓዳ ቦታ የተሠራለትን እጀታ አልወደውም። ለሌላ ሰው እጅ የተለካ ነው። አያያዛችሁን ስትቀይሩ ደግሞ ይነክሳችኋል። ስለቱና እጀታው በሚገናኙበት ቦታ ግን ትንሽ ጉብታ መኖሩን አረጋግጡ። ጫፉ ጠንካራ ነገር ሲገጥመው ጣት ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚያቆመው እሱ ነው። ወንድሜ ከያዛቸው አራት ቢላዎች ሁለቱን የመለሰው በእጀታቸው ምክንያት ነው።

ጎማ የተቀባ እጀታ እጅ ሲርስ አይከዳም። እንጨት ደስ ይላል፤ ቢወፍርባችሁም በብርጭቆ ወረቀት ማሳነስ ይቻላል። ልሙጥ ፕላስቲክ አልወስድም። ቀለሙን ደማቅ አድርጉት፤ ቀይ ወይም ብርቱካናማ። አረንጓዴ እጀታ ያለው ቢላዬ ሣር ውስጥ ወድቆብኝ ሁለት ሰዓት በእንብርክክ ፈልጌዋለሁ።

ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከምን እንደሚደርስ ጠይቁ። እስከ መጨረሻው የዘለቀ ቢሆን ይመረጣል። ያ ማለት ግን አጭሩ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የስዊድኑ ሞራ ኩባንያ ኮምፓኒየን የሚለው ቢላ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ አይደርስም። ስለቱ 10.4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። የእኔ ስንት ዓመት አገልግሎኛል፤ ምክንያቱም ብረቱ ሰፊ ሆኖ እጀታው ውስጥ በደንብ ተቀብሯል። የምትሸሹት ክፍት እጀታንና በቀጭን ብሎን ብቻ የተያያዘውን ነው።

ብረቱን በተመለከተ ምርጫው በአጭሩ ሁለት ነው፦ የማይዝገውና ካርቦን የሚባለው። የማይዝገው ክሮሚየም ስላለው ነው ዝገት የሚቋቋመው። ለምሳሌ 12ሲ27 የሚባለው ወደ 13.5 በመቶ ክሮሚየምና 0.6 በመቶ ካርቦን አለው። ለውኃ፣ ለላብና ለምግብ ሥራ ይመቻል። ካርቦን ብረት፣ ለምሳሌ 1095 የሚባለው፣ ቶሎ ይሳላል፣ ጥሩ ስለትም ይይዛል። ግን እርጥብ ሆኖ ካደረ ይዝጋል። ፍራፍሬ ስትቆርጡበት ግራጫና ሰማያዊ ይሆናል፤ ያ ዝገት አይደለም፣ አትፈትጉት። ማጽዳት የሚረሳ ሰው የማይዝገውን ይግዛ። ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ከ56 እስከ 59 ከሆነ ለዚህ ሥራ ልክ ነው። "ስቴይንለስ" ብቻ ተብሎ የብረቱ ዓይነት ካልተጻፈ ተጠራጠሩ። 420ጄ2 የሚባለው ካርቦኑ 0.3 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቶሎ ይደነዝዛል።

ብዙ ሰው አፎቱን ሳያይ ነው የሚገዛው። ቢላውን አፎቱ ውስጥ አስገቡና ዘቅዝቃችሁ በደንብ ነቅንቁት። ከወደቀ አትግዙት። ከዚያ በአንድ እጅ ምዘዙት፤ አውራ ጣታችሁ አፎቱን ገፍቶ ሊያስለቅቅ ይገባል። ታጥቃችሁ ቁጭ በሉ፣ ጎንበስ በሉ። ጎናችሁን ከወጋ ወይም ወንበሩ ወደ ላይ ከገፋው ትተዉታላችሁ። የፕላስቲክ አፎት ከታች የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። የቆዳ ከሆነ ስፌቱን እዩ። የቢላው አፍ በሚያርፍበት በኩል በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ሌላ ወፍራም የቆዳ ቁራጭ ገብቶ መሰፋት አለበት፤ አለበለዚያ ስለቱ የስፌቱን ክር ይበጥሰዋል። ማንኛውንም ቢላ ስትመዙ አፎቱን በቢላው አፍ በኩል በጣታችሁ አትክበቡት። ስፌቱ ከለቀቀ የሚቆረጠው ጣታችሁ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ይቀራል። ቢላውን ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁ በጀርባው ርዝመት እዩት፤ የተጣመመ ካለ ይታያል። ቀጥሎ አፉን ወደ ብርሃን አዙሩ። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ወይም መስመር ካያችሁ እዚያ ቦታ ደንዟል። በደንብ የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም።

ገንዘባችሁን ሁሉ ቢላው ላይ አትጨርሱ። ሁለት እጁን ለቢላው፣ አንድ እጁን ለመሳያ ድንጋይ አድርጉት። የሻካራነት ቁጥሩ በአንድ በኩል 400፣ በሌላው 1000 የሆነ ድንጋይ ይበቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል። ከስካንዲኔቪያው አቀራረጽ ውጭ ያለውን በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ አድርጋችሁ ሳሉት። ማዕዘኑ ካስቸገራችሁ አፉን በማርከር ቀቡትና ድንጋዩ ላይ ጥቂት ጊዜ ጎትቱት። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ ከጠርዙ ብቻ ከለቀቀ ዝቅ አድርጉ። መጨረሻ ላይ ያረጀ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አለስልሱት።

ቢላው ቤት ሲገባ ካርቶን አውጡና በረጃጅሙ ቁረጡ፣ ሃያ ጊዜ ያህል። ከዚያ ወረቀት ይዛችሁ ሞክሩት። አሁንም ሳይቀድ ከቆረጠ ብረቱ ደህና ነው። ካልቆረጠ አንዴ ሳሉትና ድገሙት፤ አንዳንዴ የፋብሪካው አሳሳል ነው ችግሩ።

ቀበቶ ላይ አንጠልጥላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የምትኖሩበትን ቦታ ሕግ አጣሩ። ርዝመትን የሚገድብም አለ፣ በግልጽ መያዝን የሚከለክልም አለ። ደግሞም ቢላ ካቻቢቴ ወይም ፓሎ አይደለም፤ ክዳን አትፈንቅሉበት፣ ጫፉ ይሰበራል።

ማታ ማታ ጠርጉት። ካርቦን ከሆነ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ቀቡት። ለብዙ ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ ከቆዳ አፎት አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ስለቱንም እዚያው ውስጥ ያዝገዋል።