ሕይወት ዓላማ አለው ወይ? ጥያቄውን በሥርዓት ለማሰላሰል

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሐዘን፣ ከድካም ወይም ለዓመታት የተመኙት ነገር ከተሳካ በኋላ ከሚሰማ ባዶነት ጋር ስለሆነ፣ መልስ ከመፈለግ በፊት ጥያቄውን በወረቀት ላይ ማስፈር ይጠቅማል። (ሞትን ከመመኘት ጋር የመጣ እንደሆነ ግን ብቻዎን የሚያሰላስሉት ጉዳይ አይደለምና ዛሬውኑ ለቅርብ ሰውና ለሕክምና ባለሙያ ይንገሩ።) በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። «የእኔ መኖር ምን ይጠቅማል?» ብሎ የጻፈና «የሰው ልጅ ለምን ተገኘ?» ብሎ የጻፈ አንድ ዓይነት ጥያቄ አልጠየቁም፤ የፊተኛው ስለ አንድ ሰው ኑሮ፣ የኋለኛው ስለ ፍጥረት መነሻ ነው።

ቀጥሎ «ዓላማ» የሚለውን ቃል ይመርምሩ። ሰንደቅ ዓላማ ስንል ከሩቅ የሚታይ ምልክት ማለታችን ነው፤ ምልክት ደግሞ ተካይ ይፈልጋል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1945 ፓሪስ ውስጥ ባደረገው ንግግር የወረቀት መቁረጫ ቢላዋን በምሳሌነት አንሥቶ፣ ቢላዋው ከመሠራቱ በፊት አገልግሎቱ በሠሪው ሐሳብ ውስጥ እንደነበረ፣ ሰው ግን አስቀድሞ ተገኝቶ ማንነቱን በምርጫው እንደሚሠራ ተከራክሯል። በፈጣሪ የሚያምን ሰው በዚህ አይስማማም፤ ዓላማው አስቀድሞ ተሰጥቷልና። እኔ ግን ለሁለቱም ወገን የሚቀር ሥራ አለ እላለሁ። ዓላማ ስለተሰጠ ብቻ መልካም አይሆንም፤ ባሪያም ጌታው የሰጠው ዓላማ ነበረው። ስለዚህ «ማን ሰጠኝ?» ከሚለው ጎን «ልቀበለው የሚገባኝ ለምንድን ነው?» ብለው ይጻፉ።

ረጅም ጊዜ ሊወስዱበት የሚገባው ቀጣዩ ሥራ ነው። ዛሬ ያከናወኑትን አንድ ተራ ነገር ይውሰዱና «ለምን?» እያሉ ይከተሉት። ወደ ሥራ የሄድሁት ለደመወዝ ነው፤ ደመወዙ ልጄን ለማሳደግ ነው፤ ልጄን የማሳድገው ስለምወደው ነው። እዚህ ላይ «የምትወደው ለምን ጥቅም ነው?» የሚል ጥያቄ ቦታውን የሳተ ይሆናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ሁሉን ነገር ለሌላ ነገር ስንል ብቻ የምንመርጥ ከሆነ ሰንሰለቱ ማለቂያ እንደሚያጣና ምኞታችንም ባዶ እንደሚሆን አስተምሯል። ብዙዎች ሰንሰለቱ ሲቆም ገደል የደረሱ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን መሬት የረገጡት እዚያ ይመስለኛል። አራት አምስት ሰንሰለቶችን ይሥሩና መቆሚያዎቻቸውን ያስተያዩ። «ሰው ምን ይለኛል» ላይ የሚቆም ካለ ያስምሩበት፤ ያ ሰንሰለት በሌሎች እጅ ነው።

በመጨረሻ «ሁሉም አላፊ ነው፤ ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» የሚለውን ተቃውሞ ይፈትኑ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳመለከተው፣ የዛሬ ሥራችን ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ዋጋ የማይኖረው ከሆነ፣ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚሆነውም በዚያው ሚዛን ለዛሬ ዋጋ የለውም። የታመመን ሰው ሕመም ማስታገስ ዘላለምን ሳይጠብቅ አሁኑኑ ዋጋ አለው። ይህ ክርክር የሞትን ሐዘን አያስቀርም፤ ሐዘኑን ሕይወት ዋጋ እንደሌለው ማስረጃ አድርገን እንዳንወስደው ብቻ ይረዳናል።

ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። በከፋዎት ቀን የጻፉትን ደኅና በሆኑበት ቀን፣ ደኅና ሆነው የጻፉትንም በከፋዎት ቀን ያንብቡትና በሁለቱም ቀን ሳይለወጥ የቆየውን መልስ ለይተው በአዲስ ገጽ ይገልብጡት።