ጁን ላይ የሚመጣውን የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ሪፖርት በእርሳስ ማንበብ፦ ለቨርጂኒያ ወላጆች

በየዓመቱ ጁን ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ልጆቼ የሚማሩበት ዲስትሪክት የዓመቱን ሪፖርት ይልካል። ሽፋኑ ላይ ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች አሉ፤ ቀጥሎ የሱፐርኢንተንደንቱ (የዲስትሪክቱ ዋና ኃላፊ) መልእክት፣ ከዚያ ስለ ውጤትና ስለ ገንዘብ በቀለም ያማረ ሥዕል። የመጣን ዓመት ፎቶዎቹን አይቼ ደስ ብሎኝ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። በዚያ ዓመት ትልቋ ልጄ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ታገኝ ነበር። ድጋፉን የምትሰጣት መምህር ማርች ላይ ለቅቃ እስከ ትምህርት መዝጊያ ማንም እንዳልተተካ ያወቅሁት ግን ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ነበረ፤ «ካልተሞሉ የሥራ መደቦች የተረፈ» የምትል አንዲት መስመር። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሂሳብ ሠርቼ፣ ያቺን መስመር ሳላያት አለፍኳት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ሪፖርቱን በእርሳስ ነው የማነበው። ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ እናቶች «እስቲ እንዴት እንደምታነቢው ጻፊልን» ስላሉኝ ይኸው። የማውቀው ቨርጂኒያን ነው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ የፈተናውና የሕጉ ስም ይለያይባችኋል፣ አነባበቡ ግን አይለይም።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ወረቀት ያዙ

በቀለም ያማረው ሪፖርት ዲስትሪክቱ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። አጠገቡ ሁለት ነገር አስቀምጡ። አንደኛው የቨርጂኒያ ትምህርት መምሪያ ስለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ድረ ገጹ ላይ የሚያወጣው መረጃ ነው። ስሙ «ስኩል ኳሊቲ ፕሮፋይልስ» ይባላል፤ የትምህርት ቤታችሁን ስም ብትጽፉ ይመጣል። ሁለተኛው የዲስትሪክቱ የጸደቀ በጀት ነው። ወፍራም መጽሐፍ ስለሆነ አትደንግጡ፣ የምትፈልጉት ጥቂት ገጽ ነው።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አማርኛውን ጠይቁ። እንደ አሌክሳንድሪያ ያሉ ዲስትሪክቶች፣ ወንዙን ተሻግሮም የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ለወላጅ የሚሆን መረጃ በአማርኛም ያወጣሉ። የሌላችሁም ብትሆኑ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት ልመና አይደለም። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ ውጤት ሲሆን ደግሞ በፍጹም።

ልጃችሁ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ፈልጉ

ሪፖርቱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመላው ዲስትሪክት አማካይ ነው፤ በአማካዩ ውስጥ ልጃችሁን አታገኙትም። የፌዴራሉ ሕግ ውጤቱ በየቡድኑ ተከፋፍሎ እንዲወጣ ስለሚያዝ፣ ከታች በትንንሽ ፊደል ዝርዝሩ አለ፦ በዘር፣ በገቢ፣ በአካል ጉዳት፣ በእንግሊዝኛ ተማሪነት። «ሐበሻ» የሚል ረድፍ ግን የለም። የእኛ ልጆች «ጥቁር» ከሚለው ውስጥ ናቸው፣ የቋንቋ ድጋፍ የሚያገኙት ደግሞ «የእንግሊዝኛ ተማሪዎች» ከሚለውም ውስጥ ይቆጠራሉ። ሆኖም ዲስትሪክቱ ስንት ልጅ ቤቱ አማርኛ እንደሚናገር ያውቃል፤ ስናስመዘግብ «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ» ብሎ ጠይቆናል። ስለዚህ «ቤታቸው አማርኛ የሚነገር ልጆች ውጤት እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የልጆቹ ቁጥር በጣም ትንሽ ከሆነ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ይሸፍኑታል፤ ያ ተገቢ ነው።

የምረቃው ቁጥር ሁለት ዓይነት ስለሆነ ጠንቀቅ በሉ። ቨርጂኒያ የምታወጣው «በጊዜው የተመረቁ» የሚለው ስሌት ለአንዳንድ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የሚሰጠውን የተግባር ዲፕሎማም ይጨምራል። የፌዴራሉ ስሌት የሚቆጥረው ስታንዳርድና አድቫንስድ ዲፕሎማን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዝቅ ይላል። ያማረው ሪፖርት ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለው ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፏቸው። ቀጥሎ ስንቱ በየትኛው ዲፕሎማ እንደተመረቀ እዩ፦ ስታንዳርድ 22 ክሬዲት፣ አድቫንስድ 26 ክሬዲት ይጠይቃል። አድቫንስዱ የውጭ ቋንቋም ስለሚፈልግ፣ በአማርኛ ተፈትኖ ክሬዲት ማግኘት የሚቻልባቸው የሰሜን ቨርጂኒያ ዲስትሪክቶች እንዳሉ ለካውንስለሩ (ለትምህርት ቤቱ አማካሪ) አስታውሱት። ልጄ ይህን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ብታውቀው ኖሮ ለአንድ ሌላ ትምህርት ቦታ ይተርፋት ነበር።

የፈተናው ገጽ ላይ ብዙ አልቆይም። የስቴቱ ፈተና፣ ኤስ ኦ ኤል፣ ለረጅም ዓመታት ከ600 ታስቦ 400 ማለፊያ ሆኖ ኖሯል። ማየት ያለባችሁ የዘንድሮውን ከአምናው ሳይሆን ቢያንስ የአራት ወይም የአምስት ዓመቱን ነው። ፈተናው ወይም የማለፊያው ነጥብ በተቀየረበት ዓመት ላይ ግን መስመር አስምሩበት፤ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ማወዳደር ብርቱካንን ከሎሚ ጋር እንደ መመዘን ነው። ለእንግሊዝኛ ተማሪ ከኤስ ኦ ኤል ይልቅ የቋንቋው ፈተና ይበልጣል። ከ1 እስከ 6 ያለው ደረጃ ሲሆን ልጃችሁ በዓመት ምን ያህል እንደተራመደ ያሳያል። ለሁለት ዓመት አንድ ቦታ ቆሞ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

የመቅረት ገጽ ላይ ግን ቆም በሉ፣ እኛን በጣም ይመለከተናል። ልጁ ከተመዘገበበት ቀን 10 በመቶውን ከቀረ «ሥር የሰደደ ቀሪ» ተብሎ ይቆጠራል። የትምህርቱ ዓመት 180 ቀን ቢሆን 18 ቀን ማለት ነው፤ አሞት ወይም በፈቃድ የቀረበትም ቀን ይገባል። እኛ አንድ ዓመት ልጆቹን ይዘን ለገና አገር ቤት ሄድን፣ ጥምቀትን አክብረን ተመለስን። ከፈረንጆቹ የገና እረፍት ያለፈው 13 የትምህርት ቀን ነበር። ወንዱ ልጄን በብርዱ ወራት አምስት ቀን ጉንፋን አስቀረው። ተደምሮ 18። ማንም አልተቆጣንም፣ ግን ሪፖርቱ ላይ ያ ቁጥር ሲወጣ አንዱ የእኔ ልጅ እንደሆነ አውቄ አነበብኩት። አንድ ልጅ 15 የትምህርት ቀን በተከታታይ ከቀረ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል፣ ሲመለስ እንደገና ይመዘገባል። መሄድ አትሂዱ አልልም፤ አያቶቻቸው አሉ፣ ጥምቀትም አለ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የትምህርት ቀኑን ቁጠሩ።

ገንዘቡ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ገጹን የሚያገላብጠው፣ እኔ ደግሞ እዚህ ነው ወንበር የምስበው። የበጀት ዓመታቸው ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው፤ ከእኛ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ጋር በአንድ ሳምንት ነው የሚለያየው። የሰኔን የበጀት መዝጊያ ጥድፊያ የምታውቁ፣ የጁኑም ያው ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ቨርጂኒያ ውስጥ የትምህርት ቦርዱ ራሱ ግብር መጣል አይችልም። ካውንቲው ወይም ከተማው ከቤት ግብርና ከሌላው ሰብስቦ ነው የሚሰጠው። ተከራይ ነኝ የምትሉም በኪራዩ ውስጥ ትከፍላላችሁ። ስቴቱ ድርሻውን የሚያሰላው በአካባቢው ሀብት ነው፦ የስቴቱ የትምህርት ደረጃ ከሚጠይቀው ወጪ፣ በስቴቱ አማካይ 45 በመቶው የአካባቢው ድርሻ ሲሆን፣ ሀብታም የተባለ አካባቢ ግን እስከ 80 በመቶ ይሸከማል። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን እዚያ ጣሪያ ላይ ናቸው። ስለዚህ «ስቴቱ ይጨምርልን» ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ። የካውንቲው ምክር ቤትም በር መንኳኳት አለበት።

የፌዴራሉ ገንዘብ ከሁሉ ያንሳል፣ ግን የእኛ ልጆች የሚነኩት እሱን ነው፦ ታይትል 1 ዝቅተኛ ገቢ ላለባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ታይትል 3 ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች። ታይትል 1 ለየትኛው ትምህርት ቤት ይሂድ ተብሎ ሲታሰብ ምሳ በነጻ የሚያገኙ ልጆች ቁጥር ብዙ ጊዜ ይገባበታል። የምሳውን ፎርም ሞልቶ መስጠት የሚያፍር ወላጅ ብዙ አለ፤ እባካችሁ ሙሉት። የምትሞሉት ለልጃችሁ ሳህን ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያልቅ ገንዘብን ከቋሚው ለዩ። በኮቪድ ጊዜ ኮንግረስ በሦስት ዙር ለትምህርት ቤቶች ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ፤ የመጨረሻውና ትልቁ ዙር፣ የ2021ዱ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30, 2024 ውል ካልታሰረበት የሚቃጠል ነበር። በዚያ ገንዘብ መምህርና አማካሪ የቀጠረ ዲስትሪክት ገንዘቡ ሲያልቅ ወይ ከራሱ ይከፍላል ወይ ያሰናብታል። ሪፖርቱ ላይ «አዲስ ፕሮግራም ጀመርን» የሚል ባያችሁ ቁጥር አጠገቡ በእርሳስ ጻፉበት፦ በየትኛው ገንዘብ? እስከ መቼ?

ወጪው ገጽ ላይ ደሞዝ፣ ጡረታና ኢንሹራንስ ተደምሮ ከአምስት ዶላር አራቱን ያህል ይወስዳል። ይህ ብክነት አይደለም፣ ትምህርት የሚሰጠው ሰው ነው። ክፉው ነገር ደሞዙ ሳይከፈል የተረፈ እንደሆነ ነው። እንበልና ዲስትሪክቱ 50 መምህር ሊቀጥር በጀት ይዞ 38 ብቻ ቢቀጥር፣ የ12ቱ ደሞዝ «ቁጠባ» ሆኖ ይጻፋል። ቁጥሩ ያማረ ነው፤ 12 ክፍል ውስጥ ግን ተተኪ መምህር እየተቀያየረ ከርሟል። የልጄ መምህር ደሞዝ የነበረው እዚያ «ቁጠባ» ውስጥ ነው። የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው የሥራ መደብ፣ ስንት ወር ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም ቨርጂኒያ ውስጥ ያልወጣው የአካባቢው ገንዘብ ዓመቱ ሲዘጋ ለካውንቲው ተመላሽ ነው፤ ምክር ቤቱ ካልፈቀደ ለሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም።

«ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል አወጣን» የሚለውን የዲስትሪክቱን ቁጥር ብቻ አትመኑ። በ2015ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት ለአንድ ተማሪ የወጣው በየትምህርት ቤቱ ተለይቶ ይወጣል። የእናንተን ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር አስተያዩት። ልዩነት ስታዩ ወዲያው አትቆጡ፤ የቆዩ መምህራን ያሉበት ትምህርት ቤት ደሞዙ ስለሚበዛ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያም ቢሆን ጀማሪ መምህራን ሁሉ አንድ ቦታ ለምን ተከማቹ የሚል ጥያቄ ይወልዳል።

የጁኑ ሪፖርት ኦዲት አልተደረገም። የኦዲቱ ሪፖርት የሚመጣው መጸው ላይ፣ ብዙ ጊዜ የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው። የኦዲተሩ «ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት» ማለት ሂሳቡ በትክክል ተጽፏል ማለት እንጂ ገንዘቡ በጎ ነገር ላይ ዋለ ማለት አይደለም። ኦዲተሩ በውስጥ ቁጥጥር ላይ የጻፈውን ግኝት ፈልጉ፤ ካምናው የተደጋገመ ካለ አስምሩበት።

ጥያቄውን መቼና የት?

ጁን ላይ ተነስቶ መናገር ዘግይቷል፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ጸድቋል። ሱፐርኢንተንደንቱ ረቂቁን የሚያቀርበው ጃንዋሪ አካባቢ ነው፤ ቦርዱ ሰምቶ ያሻሽላል፣ ከዚያ ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳል፣ ሜይ አጋማሽ ላይ ይቋጫል። ስለዚህ ጁን አንብቡ፣ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ጃንዋሪ ይዛችሁት ሂዱ። ስም አስቀድሞ ያስመዘግባሉ፤ የሚሰጠው ብዙ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፣ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ አሳውቁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። አምስት ብትይዙ የሚመልሱላችሁ ቀላሉን ነው።

እዚያ መሄድ የማትችሉ፣ የማታ ሥራ ያላችሁ፣ በኢሜይል ሰነድ ጠይቁ። የቨርጂኒያ የመረጃ ነጻነት ሕግ መሥሪያ ቤቱ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል፤ መልሱ «ተጨማሪ ጊዜ እፈልጋለሁ» ሊሆን ይችላል፣ ዝም ማለት ግን አይፈቀድም።

እኔ ባለፈው ጃንዋሪ ማይክ ፊት የያዝኩት ወረቀት ላይ የነበረው ይህ ነው፣ ለእናንተ እንዲሆን ቀይራችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፦ «የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ዓመት ሪፖርታችሁ ካልተሞሉ የሥራ መደቦች ገንዘብ እንደተረፈ ጽፋችኋል። ከእነዚያ መደቦች ስንቶቹ የእንግሊዝኛ ድጋፍ መምህራን ነበሩ? በየትኛው ትምህርት ቤት፣ ለስንት ወር? በሚቀጥለው ዓመት በጀትስ እነሱን ለመሙላት ምን አስቀምጣችኋል? መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።» ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። መልሱ በፌብሩዋሪ መጣ፤ ሠንጠረዥ ነበር፣ የልጄ ትምህርት ቤት ሦስተኛው ረድፍ ላይ።